ሃድል ለኮርነርባክና ለሴፍቲ ምልመላ፦ ሃይላይቱን ሳይሆን ሙሉውን ጨዋታ

ለአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ተጫዋች የሚመለምል ሰው ዛሬ ያለ ሃድል (የጨዋታ ፊልም የሚቀመጥበትና የሚታይበት የኢንተርኔት አገልግሎት) መሥራት ይከብደዋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጨዋታ ፊልማቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው፤ ተጫዋቾችም ሃይላይታቸውን (የምርጥ ፕሌዮቻቸውን ስብስብ) የሚቆርጡት እዚያው ነው። ይሁንና አገልግሎቱ ለሁሉም የሜዳ ቦታ እኩል አይጠቅምም። ኳስ ይዞ ለሚሮጥ፣ ኳስ ለሚቀበል ወይም መስመር ላይ ለሚታገል ልጅ የአምስት ደቂቃ ሃይላይት ብዙ ይናገርለታል። ኮርነርባክ (በሜዳው ጎን ኳስ ተቀባይን የሚከላከል) እና ሴፍቲ (ከሁሉ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ለሚፈልግ መልማይ ግን ያው ሃይላይት ከሁሉ የባሰ አሳሳች ነው። ምክንያቱም ሃይላይት ኳሱን ይከተላል፤ የዲፌንሲቭ ባክ (የሁለቱ ቦታዎች የጋራ ስም) ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ኳሱ ከሌለበት ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 በነብራስካ ግዛት፣ በሊንከን ከተማ ተመሠረተ። የመጀመሪያ ደንበኛው የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ጨዋታውን ይጭናል፣ ፊልሙ በየፕሌዩ (ኳሱ ከተነሳ እስኪቆም ባለው በየአንዱ ሙከራ) ይቆራረጣል፣ በእያንዳንዱ ፕሌይ ላይ ዳውኑ (ዐሥር ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ስንተኛው እንደሆነ)፣ የቀረው ያርድ፣ ኳሱ የተቀመጠበት ሃሽ (ኳሱ ከሚቀመጥባቸው ሁለት የሜዳ ውስጥ መስመሮች አንዱ)፣ ፎርሜሽኑ (አሰላለፉ) እና ውጤቱ ይመዘገባል። ተጫዋቹ ከዚህ ውስጥ የሚወዳቸውን መርጦ፣ ከስናፕ (ኳሱ ተነስቶ ፕሌዩ ከሚጀምርበት ቅጽበት) በፊት ምስሉን አቁሞ በራሱ ላይ ክብ ወይም ቀስት አድርጎ፣ ቀጣጥሎ በገጹ ላይ ያወጣዋል። ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የሚመረቅበት ዓመትና የትምህርት ውጤቱም አብረው ይቀመጣሉ። ለሕዝብ የሚታየው ይኼኛው ክፍል ነው። ሙሉ ጨዋታው ያለው በአሰልጣኙ መለያ ውስጥ ነው፤ እሱ ካላጋራ አይታይም። ለዲፌንሲቭ ባክ ምልመላ የሚጠቅመው ደግሞ በትክክል ያ የተቆለፈው ክፍል ነው።

ነገሩን ከኳርተርባኩ (ኳሱን ከሚወረውረው ተጫዋች) ወገን ብናየው ይገባናል። ጎበዝ ኮርነርባክ ያለበት ጎን ላይ ኳስ አይወረወርም። ልጁ በአንድ ጨዋታ አርባ ጊዜ ሪሲቨሩን (ኳስ ተቀባዩን) ልክ እንደ ጥላ ተከትሎት ኳስ ወደ እሱ የሚመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሃይላይቱን ሲቆርጥ ከሠላሳ ስምንቱ አንዱም አይገባም። ደካማው ኮርነርባክ በተቃራኒው ሲወረወርበት ይውላል፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አራት ወይም አምስት ኢንተርሴፕሽን (ከተጋጣሚ ውርወራ የተነጠቀ ኳስ) ይወጣለታል፣ ሃይላይቱም ያሸበርቃል። ስለዚህ የኢንተርሴፕሽን ብዛት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እያንዳንዱን ኢንተርሴፕሽን ሲያዩ ኳሱ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል፦ ከሌላ ሰው እጅ ነጥሮ ነው? ኳርተርባኩ ሊወድቅ ሲል የለቀቀው ነው? ወይስ ልጁ ሪሲቨሩ መዞር ሲጀምር አይቶ ቀድሞት የነጠቀው? ሦስተኛው ዓይነት አንዱ ከሌሎቹ አምስት ይበልጣል።

ሃይላይቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል። ሰውነቱን፣ ፍጥነቱን፣ ሲመታ ወደኋላ የሚል መሆን አለመሆኑን በሁለት ደቂቃ ይነግራል። ከዚያ በኋላ ግን ስልክ አንስቶ አሰልጣኙን ሙሉ ጨዋታ መጠየቅ ግድ ነው። ሦስት ጨዋታ ይበቃል፦ ከጠንካራው ተጋጣሚ ጋር የተደረገው፣ ቡድኑ በሰፊ ልዩነት የተሸነፈበት፣ እና በጊዜ የቅርቡ። አሰልጣኙ የትኞቹን እንደሚልክ እንዲመርጥ አይተዉት፤ የተጋጣሚዎቹን ስም ጠርተው ይጠይቁ። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን አይከፋበትም። የተሸነፉበትን ጨዋታ ለመላክ የሚያመነታ ካለ ያ ራሱ አንድ መረጃ ነው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይመጣል፤ ድክመቱ የሶፍትዌሩ ሳይሆን የካሜራው ነው። አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ፊልም የሚቀረጸው ከጎን፣ ከመቀመጫው ከፍታ ላይ ነው። ቀራጩ ብዙ ጊዜ ተማሪ ወይም ወላጅ ነው፣ ዓይኑም ኳርተርባኩ ላይ ነው። ስናፕ ሲደረግ ወደ ኳሱ ያቀርባል፣ በዚያው ቅጽበት ሁለቱ ኮርነርባኮችና ጥልቅ የቆመው ሴፍቲ ከምስሉ ይወጣሉ። ኳሱ አየር ላይ ሲሆን ካሜራው ተከትሎ ሲደርስ ልጁ ከሪሲቨሩ ጋር ተጣብቆ ይታያል፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አይታይም። ኩባንያው የሚሸጠው፣ ያለ ሰው ራሱ የሚቀርጸው ካሜራም ኳሱ ያለበትን አካባቢ ስለሚከተል ይህን ችግር ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። መፍትሔው ከኤንድ ዞን (በሜዳው ጫፍ ካለው የነጥብ ክልል) በስተኋላ የሚቀረጸውን ሁለተኛ ፊልም መጠየቅ ነው። ብዙ ቡድኖች ለመስመር ተጫዋቾቻቸው ብለው ይህን ይቀርጻሉ፤ ለኮርነርባክ እግርና ዳሌ ግን ከዚያ የተሻለ ማዕዘን የለም። ከጎን ሲታይ ልጁ ቀጥ ብሎ ወደኋላ የሮጠ ይመስላል። ከኤንድ ዞን ሲታይ ግን ሪሲቨሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ሲያታልለው ዳሌው ስንት ዲግሪ እንደተከፈተ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ፕሌይ እንዴት እንደሚታይ ቀረብ ብለን እንመልከት። ኮርነርባኩ ፕሬስ ቆሟል፣ ከሪሲቨሩ ፊት በአንድ ክንድ ርቀት። ፊልሙን ከስናፕ አንድ ምስል በፊት ያቁሙትና ምስል በምስል ያራምዱት። በሰከንድ 30 ምስል የተቀረጸ ከሆነ ሁለት ሰከንዱን በ60 ምስል ያያሉ። መጀመሪያ እግሩን እንጂ እጁን አይዩ። ሪሲቨሩ ገና ሳይወስን ልጁ ሁለቱንም እግሩን ወደ አንድ ጎን ከወረወረ በማታለያው ተታልሏል፤ አንድ ጊዜ ቢያመልጥ ዕድል ነው፣ ሦስት ጊዜ ከደገመው ልማድ ነው። ጥሩው ልጅ በአጭር የጎን እርምጃ መሬት እየነካ፣ ደረቱን ከሪሲቨሩ ደረት ፊት ያቆያል። ሁለተኛ እጁ፦ የሚነካው ደረትን ነው ወይስ ትከሻን? ደረት ላይ የሚያርፍ እጅ ሪሲቨሩን ያዘገየዋል፤ ትከሻ ላይ የሚያርፍ እጅ ልጁን ራሱን ያዞረዋል። ሦስተኛ ሪሲቨሩ ሲያልፈው ምን ያደርጋል? ዳሌውን ከፍቶ ወገብ ለወገብ ተጠግቶ ከሮጠ ይድናል። ማሊያ ከያዘ ግን ማስታወሻ ይያዝበት። በብሔራዊው የሁለተኛ ደረጃ ደንብ የተከላካይ ፓስ ጣልቃ ገብነት (ተቀባዩ ኳሱን እንዳይይዝ ያለ ደንብ ማደናቀፍ) 15 ያርድ ያስቀጣል እንጂ በቀጥታ የመጀመሪያ ዳውን (አዲስ አራት ሙከራ) አያስገኝም። በኮሌጅ ቅጣቱ ቢበዛ 15 ያርድ ሆኖ የመጀመሪያ ዳውኑ አብሮ ይሰጣል። በሦስተኛ ዳውን 18 ያርድ ሲቀር በትምህርት ቤቱ ያላስከፈለው እጅ በኮሌጅ የተጋጣሚውን ድራይቭ (የማጥቃት ተራ) ያስቀጥላል። የመጨረሻው ዓይን ነው። ኳሱ ሲመጣ ቀድሞ ወደኋላ ዞሮ የሚፈልግ ልጅ አንድ እርምጃ ያጣል፤ የሪሲቨሩን ዓይንና እጅ አይቶ፣ ከተጠጋ በኋላ ዞሮ የሚያይ ልጅ ግን ይደርስበታል። ከአራቱ ለማስተማር ቀላሉ እጁ፣ ከባዱ ዳሌው ነው። ዳሌው የማይዞር ልጅ በሦስት ዓመት ልምምድም ብዙ አይለወጥም፤ ስለዚህ እጁ ያልሠለጠነውን ልጅ ዳሌው ከደረቀው ማስቀደም ተገቢ ነው።

ርቆ ለሚቆመው ኮርነርባክ የሚቆጠረው ሌላ ነው። ሰባት ያርድ ላይ ቆሞ ወደኋላ ሲሮጥ ሪሲቨሩ ቆሞ ሲዞር፣ ልጁ እግሩን ተክሎ ወደፊት እስኪነሳ ስንት እርምጃ ያባክናል? አንድ ተከላ አንድ ግፊት ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። እየተንደረደረ ሦስት እርምጃ ከጨመረ በኮሌጅ ኳርተርባክ ፊት ኳሱ ተይዞ ይደርሳል። ከፍታውንም ይዩ፦ ወደኋላ ሲሮጥ ትከሻው ከጉልበቱ ፊት ካልሆነ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ለመትከል መጀመሪያ ዝቅ ማለት አለበት፤ ጊዜው የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

የሃድል ምዝገባ ክፍል ያላግባብ የሚዘነጋ ሀብት ነው። አሰልጣኙ ዳውንና ሃሹን በትክክል ከሞላ ሦስተኛ ዳውን ከሰባት ያርድ በላይ የቀረበትን ብቻ አጣርቶ ማውጣት ይቻላል፤ ሁሉም ሰው ውርወራ እንደሚመጣ የሚያውቅበት ሰዓት ያ ነው። ሃሹ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በኮሌጅ ሜዳ በሁለቱ ሃሽ መካከል 40 ጫማ አለ፤ ኳሱ አንዱ ሃሽ ላይ ሲቀመጥ ጠባቡ ጎን 20 ያርድ፣ ሰፊው ጎን ከ33 ያርድ ትንሽ ይበልጣል። በብሔራዊው የሁለተኛ ደረጃ ደንብ ሜዳው በሦስት እኩል ስለሚከፈል ጠባቡ ጎን ወደ 18፣ ሰፊው ወደ 36 ያርድ ነው። ጠባቡ ጎን ላይ የጎን መስመሩን እንደ ረዳት ተጠቅሞ የሚጫወት ልጅ በኮሌጅ ሁለት ተጨማሪ ያርድ መሸፈን ይጠበቅበታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኮርነርባካቸውን ሁልጊዜ በግራ ወይም በቀኝ ስለሚያቆሙት ልጁ ጠባቡንም ሰፊውንም ጎን ይጫወታል፤ በሃሽ ለይቶ ማየት የትኛው እንደሚስማማው ያሳያል። ቴክሳስ የኮሌጁን ደንብ መሠረት አድርጎ ስለሚጫወት ከዚያ የመጣ ፊልም ሲታይ ከላይ ያለው የደንብ ልዩነት ሁሉ ላይሠራ እንደሚችል ልብ ይሏል። ምዝገባው ባዶ ከሆነ ግን (ብዙ ጊዜ ነው) ማጣሪያው ዋጋ የለውም፣ ሙሉውን በዓይን ማየት ብቻ ይቀራል።

ለሴፍቲ አገልግሎቱ የበለጠ ይደክማል። 12 ያርድ ላይ የቆመ ሰው በቅርብ ካሜራ ጭራሽ አይታይም፤ የሚታየው ሲመታ ብቻ ነው። ሴፍቲን የሚያሳየው ምቱ ሳይሆን ወደ ኳሱ የመጣበት መንገድ ነው፦ ሯጩን ወደ ረዳት ወገን ገፍቶ መጣ ወይስ ሜዳውን ከፍቶ ለቀቀለት? ሃይላይት ላይ ያሉት ታላላቅ ምቶች ሌላም አደጋ አላቸው። በኮሌጅ ታርጌቲንግ (ራስ ወይም አንገት ላይ ያነጣጠረ ወይም በራስ ቁር አናት የተሰጠ ምት) የተፈረደበት ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል፤ ጥፋቱ በሁለተኛው አጋማሽ ከሆነ የሚቀጥለው ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽም ሊያመልጠው ይችላል። አንገቱን ደፍቶ በራስ ቁሩ አናት የሚመታ ልጅ በሃይላይቱ ላይ ጀግና ይመስላል፤ ለኮሌጅ ቡድን ግን ገና ሳይመጣ ዕዳ ነው። ለራሱም አንገት አደጋ ነው፣ ይህን ለልጁና ለቤተሰቡ በግልጽ መንገር የመልማዩ ግዴታ ይመስለናል።

ደክሞ የሚታይ ልጅ ላይ ለመፍረድም አይቸኩሉ። በሁለተኛ ደረጃ ጥሩ አትሌት በሁለቱም ወገን ይጫወታል፣ ኪክም (በእግር የተመታ ኳስ) ይመልሳል። በአራተኛው ሩብ ቀስ ያለ ሲመስል የቀደመውን ድራይቭ ይክፈቱና ሪሲቨር ሆኖ ስንት ጊዜ እንደሮጠ ይቁጠሩ።

ገጹ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች በአመዛኙ ልጁ ራሱ ያስገባቸው ናቸው። ቁመት ላይ አንድ ኢንች፣ የ40 ያርድ ሰዓት ላይ ሁለት ዐሥረኛ ሰከንድ መጨመር ወይም መቀነስ የተለመደ ነው። በእጅ ሰዓት የተያዘ ሩጫ በኤሌክትሮኒክ ከተያዘው ያነሰ ሰዓት ይሰጣል፤ በአትሌቲክስ ለአጭር ርቀት የተለመደው ማስተካከያ 0.24 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከ40 ያርድ ይልቅ የትራክ ውድድር ውጤት ይታመናል። የ100 ሜትርና የ200 ሜትር ሰዓት በኤሌክትሮኒክ ተይዞ ይወጣል፣ ነፋሱም በሰከንድ ከ2.0 ሜትር አለመብለጡ አብሮ ይጻፋል። የርዝመትና የስሉስ ዝላይም የዳሌና የቁርጭምጭሚት ኃይል ስለሚያሳዩ ለኮርነርባክ ጥሩ ምልክት ናቸው። ቁመት፣ የክንድ ርዝመትና የመዳፍ ስፋት ግን በበጋ ካምፕ ላይ በገዛ እጅ ይለኩ። እዚያው አምስት-ዐሥር-አምስቱን የመዞር ሩጫ (አምስት ያርድ ሮጦ፣ ዞሮ ዐሥር፣ ዞሮ አምስት) ያሠሩት። አንድ ለአንድ ሲያጋጥሙት ደግሞ ስንት ኳስ እንደተያዘበት አይቁጠሩ፤ ኳርተርባኩን የሚያሳድድ ስለሌለ ጨዋታው ለሪሲቨሩ ያደላ ነው። ልጁ ኳሱ ሲደርስ ከክንድ ርቀት ውስጥ ነበር ወይ? ከተሸነፈ በኋላ የሚቀጥለውን ተራ ቀድሞ ለመሰለፍ ይሮጣል ወይ? እነዚህን ነው መመዝገብ።

ሌላው ጉድለት በፍለጋው ላይ ነው። በቦታ አጣርቶ ኮርነርባክ ብቻ የሚፈልግ መልማይ ገና ኮርነርባክ ያልሆኑትን ያጣቸዋል። ኩፐር ዴጂን በአዮዋ አነስተኛ ትምህርት ቤት ኳርተርባክ ነበር፤ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዲፌንሲቭ ባክ ሆኖ በ2024 የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ) የተጫዋች ምርጫ 40ኛ ወጣ። በኋላ ታዋቂ ኮርነርባክ የሆነው ሪቻርድ ሸርማን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የገባው በሪሲቨርነት ነው። ከአነስተኛ ከተማ የመጣ፣ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት፣ ትራክ የሚሮጥ፣ ቡድኑ ሌላ ሰው ስለሌለው ኳርተርባክ ያደረገው ልጅ በገጹ ላይ ኮርነርባክ ብሎ አይጽፍም። የማጣሪያ ሳጥኑን ሰፋ አድርጎ፣ ኳርተርባኩንም ሪሲቨሩንም ጨምሮ መፈለግ ይበጃል። የኮከብ ደረጃ የሚሰጡት ድርጅቶችም ለዚህ አይደርሱም። ኮርነርባኩ ሶስ ጋርድነር ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ባለ ሦስት ኮከብ ነበር፤ በኮሌጅ ዘመኑ በእሱ ሽፋን አንድም ታችዳውን ፓስ (ነጥብ ያስገኘ ውርወራ) አልተያዘበትም፣ በ2022 የኤንኤፍኤል ምርጫም 4ኛ ተመረጠ። ኮከቡ ማን እያየው እንደሆነ ይነግራል እንጂ ዳሌው ይዞር አይዞር አይነግርም።

የትምህርት ውጤቱንም ከገጹ ላይ እንዳለ አይቀበሉ። ለዲቪዚዮን አንድ (ለከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) የሚቆጠረው በ16 ዋና ኮርሶች ላይ የተሰላው አማካይ ነው፣ ቢያንስ 2.3። ገጹ ላይ ያለው 3.4 ስፖርትና ሥነ ጥበብ የተጨመረበት ሊሆን ይችላል። ከፊልሙ ጋር ትራንስክሪፕቱን (ሙሉ የውጤት ሰነዱን) አብረው ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፣ ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። አሰልጣኞች ለልጁ በቀጥታ መልእክት መላክ የሚችሉት ከሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመቱ ሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው፤ የመጀመሪያው የፊርማ ወቅት ደግሞ በአራተኛ ዓመቱ ዲሴምበር ላይ ይመጣል። ከ2018 ወዲህ የዝውውር ፖርታሉ (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት) ስላለ፣ ከ2025 ጀምሮም በትልልቆቹ ኮሌጆች የአንድ ቡድን የተጫዋች ቁጥር በ105 ስለተገደበ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ኮርነርባክ የሚወዳደረው በኮሌጅ ሜዳ ላይ፣ ሁሉም 22 ተጫዋች በሚታይበት ፊልም ከተመዘነ የ20 ዓመት ሰው ጋር ነው። የደበዘዘ ፊልም ያለው ልጅ ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት አሰልጣኞችና ለልጆቹ ጥቂት ነገር። ሃይላይቱ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይበቃል። ክቡን ከስናፕ በፊት አድርጉት፣ ፕሌዩንም ከስናፕ በፊት ጀምሩት፤ ኳሱ አየር ላይ ከሆነ በኋላ የሚጀምር ቁራጭ ለኮርነርባክ ምንም አያሳይም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ፕሌዮች ውስጥ ሁለቱ ኳስ ያልተወረወረባቸው፣ ሪሲቨሩ የተዘጋባቸው የፕሬስ ፕሌዮች ይሁኑ። አንድ በሰፊው ሜዳ ብቻውን ሯጭ ያስቆመበት ታክል፣ አንድ ከብሎክ (ከተጋጣሚ ማገጃ) የተላቀቀበት ይጨመር። አንዱን ኢንተርሴፕሽን ከሦስት ማዕዘን ደጋግሞ ማሳየት ይቅር። ካሜራ የሚይዘውን ልጅ ደግሞ ስናፕ ተደርጎ ኳሱ እስኪለቀቅ ድረስ እንዳያቀርብ፣ ሁለቱ ሴፍቲዎች ከምስሉ እንዳይወጡ ንገሩት። የኤንድ ዞኑ ካሜራ ሰው ከጎደለው ደግሞ የተጎዳ ተጫዋች ይቁምበት፤ ዳሌ የሚታየው ከዚያ ነው።